የመሃሉ ቅጠል

ደብረ ታቦር፣ ጥር 3 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለልጄ ለጀሚላ ሸሪፍ፤ ይፋግ

እንደምን ከርመሻል። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ባለቤቴን ዓለሚቱን ሳል ይዟት ነበር፤ ለቀቃት። እኔን ምንም አልያዘኝም።

ደብዳቤሽን ካሳሁን ከሚኒባሱ ሳይወርድ በመስኮት አቀበለኝ። ጥያቄ አብዝተሻል። ስልክ አልገዛሁም፤ አልገዛምም። በስልክ የተነገረውን ነገር ተናጋሪው ማግስቱን ይለውጠዋል፤ የተጻፈ ግን እንደተጻፈ ይኖራል። ከእናንተ ወደ እኛ የሚመላለስ መኪና እስካለ ድረስ ካሳሁን ይበቃናል። ዓይኔ ያያል። የጓሮው ግንብ አልፈረሰም። እኔ የገነባሁት ግንብ ፈርሶ አያውቅም። ገና በደኅና አልፏል።

ወዳጄ አባትሽ ስላመጣልኝ ዘንባባ ለጠየቅሽው፤ ቆሟል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ገሳይ የሚኖር አንድ የማውቀው ሰው አለ። እሱም ዘንባባ ተክሎ ነበር። በታኅሣሥ ውርጭ ወረደበትና ቅጠሉ ሁሉ በአንድ ሌሊት የተቀቀለ ጎመን መሰለ፤ ወዲያው ደረቀ። ሰውየው ግራ ገብቶታል። አንቺ ዓረብ አገር ስትሠሪ የኖርሽው ከዘንባባ መካከል ነው። ምን ቢያደርግ ይሻለዋል? የምጠይቅሽ ለሰውየው ነው። ቶሎ ብትጽፊ ደስ ይለዋል።

ካሴ

&nbsp;

ይፋግ፣ ጥር 11 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለጋሽ ካሴ

ሰላም ለእርስዎና ለቤትዎ ይሁን። እቴቴ ዓለሚቱን ሳሉ ስለለቀቃቸው አልሐምዱሊላህ። እኔም ሱቄም ደኅና ነን።

ለገሳዩ ሰው አዘንኩ። ገሳይ ላይ ዘንባባ የሚተክል ሰው መኖሩን አልሰማሁም ነበር። በዚያ ሁሉ ደጋ እንዲህ ያለ ድፍረት ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው። የሆነ ሆኖ ይንገሩልኝ።

እኔ በሠራሁበት ቤት የምጦራቸው አንዲት አሮጊት ነበሩ። በረሃ ነው ብለው አይናቁት፤ አንዳንድ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። ያን ጊዜ እሳቸው ከወንበራቸው ሆነው ያዝዛሉ፤ እኔ እሠራለሁ። የደረቀውን ቅጠል አትቁረጪ ይላሉ። ሲያዩት ያስጠላል፤ ግን ለሚቀጥለው ብርድ ጋቢው እሱ ነው። ሌሊት በጨርቅ ይሸፈናል፤ ቀን ይገለጣል። ልቡ ላይ፣ ቅጠሎቹ ከሚወጡበት ጉድጓድ ውስጥ፣ ጠብታ ውሃ አይድረስ። ውሃ ከቆመበት ይበሰብሳል።

ዋናው ግን ይኸ ነው። መሃል ላይ ጦር መስሎ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ገና ያልተፈታ ቅጠል አለ። ያንን በእጅ ይዞ ወደ ላይ ሳብ ማድረግ ነው። ልቡ ከሞተ ያለ ምንም ትግል ተመዞ ይወጣል፤ ሥሩም ይሸታል። ልቡ ካለ አይለቅም። ሰውየው ይሳበውና ይጻፉልኝ።

ስለ ዘንባባ ስጽፍ፣ አላህ ይማረውና፣ አባቴ ትዝ አለኝ። ለሆሣዕና በየዓመቱ ከወንዙ ዳር ዘንባባ ቆርጦ፣ መኪና ላይ ጭኖ ወደ እናንተ ሲወጣ፣ ጎረቤቶቻችን «ሸሪፍ፣ እስላም ሆነህ የክርስቲያን ቅጠል ትሸከማለህ?» ይሉት ነበር። «ቅጠሉ ሃይማኖት የለውም፤ ደጋ አይወድም እንጂ» ይላቸው ነበር። የእርስዎንም ችግኝ ሲያመጣ ምን ብሎ እንደሰጠዎት ነግሮኛል፤ እኔ ስሞት ያለ ዘንባባ እንዳትቀር።

ችግኙን የነቀለበት የወንዝ ዳር ዘንባባ ግን አሁን የለም። ድልድዩ ሲሠራ አብሮ ተጠረገ። ከእሱ የቀረው እርስዎ ጓሮ ያለው ብቻ ነው። ይህን ለገሳዩ ሰው አይንገሩት፤ ይጨነቃል።

ልጅዎ ጀሚላ

&nbsp;

ደብረ ታቦር፣ ጥር 26 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለልጄ ለጀሚላ

ለጤናሽ እንደምን ነሽ። እኛ ደኅና ነን።

የገሳዩ ሰው የለም። ይህን አንቺም አውቀሻል፤ እኔም ማወቅሽን አውቄያለሁ፤ ስለዚህ ከዚህ በላይ አንጻጻፍበትም።

ዛፉ ተመቷል። ከጉና የወረደ ውርጭ ነው። ግንቡን የገነባሁለት ከሰዓት በኋላ ያለውን ፀሐይ ጠጥቶ ሌሊት ሙቀቱን እንዲመልስለት ነበር። እስከ ዛሬ ሠርቷል፤ ዘንድሮ አልበቃም። የግንቡ ጥፋት አይደለም።

ያልሽውን አድርጌያለሁ። ቅጠሉን አልቆረጥኩም። ማታ የምሸፍንበት ጨርቅ ስላጣሁ የዓለሚቱን ጋቢ ወሰድኩ፤ ደኅናውን። «የአንተ ምን ሆነ?» አለችኝ። «የእኔ ሳስቷል፤ ብርድ ያስገባል» አልኳት። እውነቴን ነው። እኔ የሳሳውን ለብሼ እተኛለሁ።

ከአጥር ማዶ ያለው ሙላቴ ጋቢውን ያየ ቀን «አያ ካሴ፣ ሙሽራዋ መቼ ነው የምትገለጥ?» አለኝ። አልፌው ገባሁ። በማኅበራችን ላይ ደግሞ፣ ሰው ሁሉ ባለበት፣ «አያ ካሴ ሬሳ ጋቢ አልብሰው ያስታምማሉ» አለ። ሰው ሳቀ። ቄሱም ሳቁ። ያን ጊዜ ተነሥቼ «እስከ ሆሣዕና አረንጓዴ ካላሳየ በገዛ መጥረቢያዬ እጥለዋለሁ» አልኩ። ብያለሁ። ካሴ ቃሉን እንደማያጥፍ እዚህ የማያውቅ የለም።

እስከዚያው በራሴ ዘዴ እከታተለዋለሁ። ግንበኝነት ማንም አላስተማረኝም፤ ይህንንም ማንም አላስተማረኝም። በመሃሉ ቅጠልና ከጎኑ ባለው ደረቅ ቅጠል ላይ፣ በውሃ ልክ ለክቼ፣ አንድ ቀጥ ያለ የከሰል መስመር አሰመርኩ። ደረቁ አያድግም። የመሃሉ ካደገ የእሱ ምልክት ከጎኑ ምልክት ከፍ ይላል። ያን ጊዜ ይታወቃል።

ሌላውን የጠየቅሽኝን በሌላ ጊዜ እመልሳለሁ።

ካሴ

&nbsp;

ይፋግ፣ የካቲት 9 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለጋሽ ካሴ

ሰላምታዬ ይድረስዎ። እቴቴንም ስለ ጋቢው ሳሙልኝ።

ሌላ የጠየቅኩዎት አንድ ነገር ብቻ ነው። ሳቡት ወይ?

መሐላዎን ሳነብ ራሴን ያዝኩ። ዘንባባ እኮ እንደ ድንች አይደለም፤ በሳምንት በሳምንት ወሬውን አይነግርዎትም። ከውርጭ በኋላ ወራት ሙሉ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ሕያው ሆኖ ሳለ እስከ ሆሣዕና አንድ ቃል ሳይተነፍስ ቢቀርስ? እስከ ቡሄ ቢሉ ማን ይከለክልዎት ነበር? ማኅበርተኛው ሁሉ ጠላ ይዞ ተቀምጧል፤ እስከ ቡሄ ቢሉም አንድ ሰው አይቃወምም ነበር።

የመስመሩን ዘዴ ወድጄዋለሁ። ያቺ አሮጊት ቢሰሙት ከወንበራቸው ይነሡ ነበር። ግን መስመሩ የሚናገረው ዘግይቶ ነው፤ እጅ የሚናገረው ዛሬውኑ ነው። ይሳቡት፣ ጋሽ ካሴ።

ደግሞ ጣትዎን ወደ ልቡ አስገብተው ይዩልኝ። እርጥበት አለው ወይ? ዝናብ በሌለበት ወር እርጥብ ከሆነ አንድ የሚያጠጣው አለ ማለት ነው።

ልጅዎ ጀሚላ

&nbsp;

ደብረ ታቦር፣ የካቲት 30 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለልጄ ለጀሚላ

ጾሙን ይዘናል። ጤና ነን። ስለዘገየሁ ቅር አይበልሽ፤ ሥራ ነበረብኝ።

እርጥበት አለው ወይ ላልሽው፤ አለው። ወይም ነበረው። እነግርሻለሁ።

የከሰሉ መስመር ጠዋት ስነሣ ጠፍቶ አገኘሁት። ደግሜ አሰመርኩ። ደግሞ ጠፋ። በማግስቱም እንዲሁ። ሰው ካልነካው ከሰል በገዛ ፈቃዱ አይሄድም። ሙላቴ ነው አልኩ። አጥሩ አጭር ነው፤ እጁም ረጅም ነው፤ ቀልድም ይወዳል። ሰላምታ ከለከልኩት። «እንዴት አደሩ» ሲለኝ ግንቡን አያለሁ። እሱም በኋላ ግንቡን ማየት ጀመረ።

አንድ ቀን ማለዳ ልይዘው ከግንቡ ጀርባ ቆምኩ። ከቤተ ክርስቲያን የኪዳን ደወል ከተደወለ ቆይቷል። የጓሮው በር ተከፈተ። ዓለሚቱ ነጠላዋን እንዳጣፋች፣ በፕላስቲክ ጠርሙስ ጸበል ይዛ ገባች። የልብስ ማጠቢያ ድንጋዩ ላይ ወጣች፤ ጋቢውን ገለጥ አደረገችና ልክ ልቡ ላይ ታንቆረቁር ጀመር፤ የከሰሉም መስመር አብሮ ታጠበ።

«ምን ታደርጊያለሽ?» አልኳት።

አልደነገጠችም። «አጠጣዋለሁ» አለች።

«ልቡ ላይ ውሃ አይድረስ ብላለች ልጅቱ። አንብቤልሻለሁ።»

«ውሃ አይደለም። ጸበል ነው።»

«ጸበልም ያበሰብሳል።»

«እሱን ለአባ ንገራቸው» አለች። ከድንጋዩ ላይ ሆና ስታየኝ ከእኔ ትረዝማለች። «ለዛፉ መሰለህ የማፈሰው? በሰው ፊት ምለሃል። ቃልህን ብታጥፍ ትታመምብኛለህ። ዛፉን ብትቆርጥም ትታመምብኛለህ። ሁለቱንም አውቃለሁ። ታዲያ ምን ላድርግ?»

«እንግዲያው ከሥሩ አፍስሺው» አልኳት። ጸበል እግር በሚረግጠው መሬት ላይ አይፈስም አለችና የነፍስ አባታችን ዘንድ ሄድን። አባ ሁለታችንንም ሰምተው «ዛፍ አፉ ሥሩ ነው። ከሥሩ ያጠጡት፤ ዙሪያውን በድንጋይ ይከለል፤ እንዳይረገጥ» ብለው ፈረዱ። ድንጋዩን እኔ ደረደርኩ። አሁን በየማለዳው ከሥሩ ታጠጣለች። መስመሩን እንደገና አሰመርኩ፤ ጋቢውም ልቡን ሸፍኖ ውሏል፤ እርጥበቱ በጨርቅ ተጠርጓል። ትንሽ ይሸታል። ብዙ አይደለም።

ሙላቴን ይቅርታ አልጠየቅኩትም። ከላሞቹ በረት በኩል የወደቀች ካብ ነበረችው፤ ሄጄ ሠራሁለት። መጥቶ አጠገቤ ቆመና «ጾም ስለያዝን ነው፣ አያ ካሴ?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። ድንጋይ ያቀብለኝ ጀመር።

ካሴ

&nbsp;

ይፋግ፣ መጋቢት 22 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለጋሽ ካሴ

ሰላም ለእርስዎ፣ ለእቴቴና ለጠርሙሳቸው ይሁን። ደብዳቤዎን ሱቅ ውስጥ እያነበብኩ ስስቅ፣ ስኳር ልትገዛ የመጣች ሴት የሰርግ ጥሪ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

ሽታው ትንሽ ከሆነ ተስፋ አለ። ቀን ቀን ልቡን ፀሐይ ይንካው፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አይጎርጉረው። አሁንም ስለ መሳቡ አንድ ቃል አልጻፉልኝም። ወረቀቱን ገልብጬ ጀርባውን አየሁ፤ እዚያም የለም።

ሆሣዕና ሲደርስ፣ አባቴ ያደርግ እንደነበረው፣ ዘንባባ ቆርጬ በካሳሁን እልክልዎታለሁ። የወንዝ ዳሩ ባይኖርም ከከተማው በታች ሌላ አለ። ታዲያ አሰብኩ። እርስዎ ያሉት «አረንጓዴ ካላሳየ» ነው። የምልከውን አረንጓዴ ቅጠል ዛፉ ላይ ቢያስሩት፣ ዛፉ አረንጓዴ አሳየ ማለት አይደለም? ቃልዎም አልታጠፈ፤ ዛፉም አልተቆረጠ። ያስቡበት።

ልጅዎ ጀሚላ

&nbsp;

ደብረ ታቦር፣ ሚያዝያ 3 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለልጄ ለጀሚላ

እንደምን ነሽ።

አስቤበታለሁ። አይሆንም። የማልኩት በዛፌ ነው፤ በሰው ቅጠል አልማልኩም። ይህን ሐሳብ ዓለሚቱ ስትሰማ ወደደችው፤ ሙላቴ ስላዘነልኝ እሱም ወደደው፤ ክሩን እኔ አመጣለሁ አለ። ሁለቱንም ተቆጣሁ። አንቺን ግን በወረቀት መቆጣት ስለማይመች ትቼዋለሁ።

መጥረቢያውን ስዬ በሩ አጠገብ አቁሜዋለሁ።

መስመሩንም ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። ጋቢውን ማታ የምሸፍነው ፊቴን አዙሬ ነው። ቀንም ልቡን ለፀሐይ የምትገልጠው ዓለሚቱ ናት።

የመሃሉን ቅጠል አልሳብኩትም። ደጋግመሽ ጠይቀሽኛል፤ ደጋግሜ አልፌዋለሁ፤ አሁን ልንገርሽ። ድንጋይ ስፈልጥ ኖሬያለሁ። ጉድጓድ ውስጥ ወርጃለሁ፤ ጣሪያ ላይ ወጥቻለሁ፤ የወደቀብኝም አለ። እጄን ዘርግቼ ይህን ቅጠል ልይዝ ስል ግን ክንዴ ይዝላል። እስካልሳብኩት ድረስ አለ። ከሳብኩት በኋላ አለ ወይም የለም። አባትሽ ከሰጠኝ ነገር የቀረኝ እሱ ነው።

ይህን ለካሳሁን እንዳታነቢለት።

ካሴ

&nbsp;

ይፋግ፣ ሚያዝያ 11 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለጋሽ ካሴ

ከዚህ ጋር ዘንባባው አለ። እርጥብ ጆንያ ውስጥ ስለሆነ ሳይደርቅ ይደርሳል። ለቤተ ክርስቲያን ነው፤ ዛፉ ላይ አይታሰርም። ተምሬያለሁ።

ቃልዎን ያጥፉ አልልዎትም። አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ። መጥረቢያውን ከማንሣትዎ በፊት ይሳቡት። ይህ የእርስዎ ቃል አይደለም፤ የእኔ ልመና ነው። ክንድዎ ከዛለ እቴቴ ይያዙልዎት። ሳይሳብ የተቆረጠ እንደሆነ፣ እኔ ዕድሜ ልኬን ኖሮ ይሆናል እያልኩ ነው የምቀረው።

አባቴ ቢኖር ይስበው ነበር። ከዚያም ያፌዝብዎት ነበር።

ልጅዎ ጀሚላ

&nbsp;

ደብረ ታቦር፣ ሚያዝያ 15 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለልጄ ለጀሚላ

ለጤናሽ እንደምን ነሽ። ዘንባባው ደርሷል። ደኅና ቅጠል ነው፤ አቆራረጥሽ ግን ከአባትሽ ያንሳል፤ እሱ ሰያፍ አድርጎ ነበር የሚቆርጠው። ለደብሩ ሰው በቃ፤ ለዓለሚቱ ጣት ቀለበት ሠራሁላት፤ ለሙላቴ ልጆችም ደረሰ። ካሳሁን መኪናውን በቅጠል አስጊጦ ስለመጣ ልጆች መንገድ ላይ አስቁመው ዘረፉት። ዝናብ ገና ነው። የሙላቴ ላም ወልዳለች።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ።

ከቅዳሴ ስንመለስ ሰው ተከትሎን ገባ። ማኅበርተኛው ሁሉ፣ አባም ጭምር። ያልኩትን ቀን ማንም አልረሳም ነበር። መጥረቢያውን ከበሩ አነሣሁ። ሙላቴ መንገዱ ላይ ቆመና «አያ ካሴ፣ በእኔ አፍ የመጣ ነገር ነው። ቀልድ ነበር» አለኝ። «የእኔ ቀልድ አልነበረም» አልኩት። ዞር አለ።

ዓለሚቱ ጋቢውን ገፈፈችው። «የልጅቱን ልመና አንብበህልኛል» አለች። «ሳበው።»

መጥረቢያውን አስቀመጥኩ። የማጠቢያ ድንጋዩ ላይ ወጣሁ። ያዝኩት። ክንዴ እንዳልኩሽ ሆነ። ዓለሚቱ ከሥር ሆና ክርኔን ደገፈችው፤ ሰው እንዳያይ በነጠላዋ ሸፍና ነው። ሳብኩት።

አልመጣም።

በሁለት እጄ ሳብኩት። አልመጣም። ሙላቴ «ቆይ እስቲ» ብሎ ወጣ። ሙላቴ በሬ በቀንዱ የሚያቆም ሰው ነው። ቀስ ብሎ ሳበው፤ ጠበቅ አድርጎ ሳበው፤ ፊቱ ቀላ። «ኧረ ይኼስ ባለቤቱን ነው የመሰለው» አለ። ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ገና ነበርና። «እኔ ‹ከለቀቀ› አላልኩም» አልኩ። «ያልኩት አረንጓዴ ነው። አረንጓዴው የታለ?» ሙላቴ «አሁንማ አበዙት» አለኝ።

ዓለሚቱ ናት ያየችው። «መስመርህ ምን ሆኗል?» አለች። ጎንበስ ብዬ አየሁ። በውሃ ልክ ያሰመርኩት መስመር ተሰብሯል። የደረቁ ቅጠል ምልክት ባለበት ነው፤ የመሃሉ ምልክት ከእሱ ሁለት ጣት ከፍ ብሏል። ከምልክቱ በታች ያለውን፣ ከውስጥ የወጣውን፣ ቡናማው ቃጫ ሸፍኖታል። ቢላዋ አምጡልኝ አልኩ። ቃጫውን ገለጥኩት።

እንደ ባቄላ እሸት ነው። አባ ቀርበው አዩ፤ ሙላቴ አየ፤ ማኅበርተኛው ተራ በተራ ድንጋዩ ላይ እየወጣ አየ። ዓለሚቱ ዕልል አለች። ከዚያ ሁሉም ሴት ዕልል አለ፤ መንገደኛው ሰርግ መስሎት ቆመ። ሙላቴ የጋቢውን ጫፍ ይዞ «ሙሽራዋ ተገለጠች» አለ። ያን ጊዜ እኔም ሳቅሁ። ሰው አይቶኛል፤ ስለዚህ ልክድሽ አልችልም።

ቃሌ አልታጠፈም።

በመጥረቢያው ማገዶ ፈለጥኩበት፤ ተስሎ ነበርና።

ካሴ

&nbsp;

ይፋግ፣ ግንቦት 3 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለጋሽ ካሴ

እንኳን ለፋሲካ በሰላም አደረሳችሁ፤ ዘግይቻለሁ። እኛም ረመዳንን ይዘናል።

ደብዳቤዎን ለካሳሁን አነበብኩለት። የቀድሞውን አይደለም፤ ይኸኛውን ብቻ። መኪናውን አጥፍቶ ነው የሰማኝ። ከዚያ ወደ አባቴ መቃብር ሄጄ እዚያም አነበብኩት። ስለ አቆራረጤ የጻፉትን ግን ዘልዬዋለሁ።

አሁን ማዳበሪያ ለመጨመር አይቸኩሉ። የሚመጣው ቅጠል ጫፉ ተቃጥሎ፣ ተጨማዶ ይወጣል። አይደንግጡ፤ ከእሱ ቀጥሎ ያለው ደኅና ይሆናል።

ልጅዎ ጀሚላ

&nbsp;

ደብረ ታቦር፣ ነሐሴ 14 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለልጄ ለጀሚላ

እንኳን ለዒዱ አደረሰሽ፤ እኔም ዘግይቻለሁ። ትናንት ቡሄ ነበር። ልጆቹ ጅራፋቸውን እያጮኹ መጥተው ሙልሙላቸውን ወስደዋል።

ቅጠሉ ተፈቷል። ጫፉ እንዳልሽው ተቃጥሎ፣ ተጨማዶ ወጣ። አልደነገጥኩም። ቀጥሎ የመጣው ደኅና ነው። ደረቆቹን አሁን ቆርጫቸዋለሁ፤ ሰያፍ አድርጌ።

ሌላም ነገር አለ። ዓለሚቱ ጸበል ስታፈስበት በከረመችው በኩል፣ ከድንጋዩ ክልል ውስጥ፣ ከግንዱ ሥር አንድ ግልገል በቅሏል። እሷ ስለ ምን እንደበቀለ አትጠራጠርም። እኔ ዘንባባ ሲጎዳ ከጎን መስጠት ልማዱ ነው አልኳት። «ልማዱ ከሆነ በሌላው በኩል ለምን አልሰጠም?» አለችኝ። ዞሬ አየሁ። በሌላው በኩል የለም። ነገሩን እዚያው ተውነው።

በክረምቱ መግቢያ ስለ አዲሱ ቤትሽ የጻፍሽልኝ ደርሶኛል። ግንቡ አልቋል፤ ደጅሽ ግን ባዶ ነው ብለሻል። ስለዚህ ግልገሉን ከነሥሩና ከነአፈሩ አንሥቼ በካሳሁን ልኬልሻለሁ። መኪናው እንዳይንጠው የጠቀለልኩት በዓለሚቱ ጋቢ ነው። ጋቢውን መልሺ፤ ብርዱ ሲመጣ ይፈለጋል። እናንተ ጋ ውርጭ የለም፤ እሱን አትፈሪ። አፈሩን ጠበቅ አድርጊው፤ ልቡ ላይ ውሃ አታድርሺ፤ ጎረቤቶችሽ የዘምዘም ውሃ እናፍስበት ቢሉ ከሥሩ ይሁን በያቸው።

መንገዱ ሩቅ ነው፤ ጠውልጎ ቢደርስ የመሃሉን ቅጠል አትሳቢው። ከመላኬ በፊት እኔ ስቤዋለሁ። ለብቻዬ ነው የሳብኩት። እምቢ ብሏል።

ካሴ